ሊዮንን በብስክሌት፦ ምግቡንና ቅርሱን በአንድ ቀን የሚያካትት ጉብኝት እንዴት ይዘጋጃል?

ብሌን ዘዲሲ፦
ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። ስምንት ሆነን ወደ ፈረንሳይ ልንመጣ ነው፤ ከፓሪስ ቀጥሎ አንድ ሙሉ ቀን ለሊዮን መድበናል። ሐሳባችን አስጎብኚ ይዘን ከተማዋን በብስክሌት መዞር፣ በየመንገዱ የሊዮንን ምግብ መቅመስና ታሪካዊ ቦታዎቹን ማየት ነው። ትንሹ የ11 ዓመት ልጅ ነው። ትልቋ የ67 ዓመት እናት ናቸው፤ ብስክሌት ይነዳሉ፣ ዳገት ግን አይሆንላቸውም። አሳማ የሚበላ የለም። ሦስቱ ጾም ይጠብቃሉ፣ ሁለቱ ሙስሊሞች ናቸው። ቀኑን ለጊዜው ነሐሴ አጋማሽ፣ ሰኞ ብለነዋል። ከየት ጀምረን የት እንጨርስ? ምን ዓይነት ብስክሌት እንከራይ? ከምግቡ የትኛው ይሆነናል? አስጎብኚውንስ ከመቅጠራችን በፊት ምን እንጠይቀው?

የሮን ዳር፦
እህት ብሌን፣ ከመንገዱ በፊት ቀኑን እናስተካክል። ሰኞም ነሐሴም ለዚህ ጉዞ አይመቹም።

ሰኞ ሶን ወንዝ ዳር ያለው የሴንት አንቷን ገበያ አይቆምም። በሌ ዛል፣ ማለትም በፖል ቦኩዝ ስም በተሰየመው ትልቁ የምግብ አዳራሽ ውስጥም አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው። ሁለቱ ከሌሉ ከጉብኝቱ የምግቡ ግማሽ ወደቀ ማለት ነው። በነሐሴ ደግሞ ብዙዎቹ ቡሾኖች (የሊዮን ባህላዊ ምግብ ቤቶች) ዘግተው ዕረፍት ይወጣሉ። በዚያ ላይ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው። ቅቤ፣ እንቁላልና ክሬም የማይነካ ሰው በጾም ወቅት ሊዮን ቢመጣ የሚያየው እንጂ የሚቀምሰው ብዙ አያገኝም።

ከቻላችሁ እንቁጣጣሽን አሳልፋችሁ ኑ። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር ሁለተኛ አጋማሽ ሙቀቱ ይበርዳል፣ ምግብ ቤቶቹም ተመልሰው ይከፍታሉ። በዚያው ወር ሦስተኛው ቅዳሜና እሑድ በፈረንሳይ የአውሮፓ የቅርስ ቀናት ስለሆነ በሌላ ጊዜ የማይከፈቱ ሕንፃዎች በነፃ ይከፈታሉ። ለብስክሌት ግን በጣም ይጨናነቃል። ስለዚህ በዚያው ሳምንት ማክሰኞን ወይም ሐሙስን ምረጡ፤ ረቡዕና ዓርብ ለጾመኞቹ አይሆኑም። በዲሴምበር 8 አካባቢ ለብርሃን በዓል የሚመጣ ሰው ደግሞ ብስክሌቱን ይርሳው፤ መሀል ከተማው በእግረኛ ይሞላል።

የቀኑ አሠራር እንደሚከተለው ይሁን። ሰዓቱንና ዓመቱን ሁሉ በፈረንሳይ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

9፡00 ላይ ሌ ዛል፣ ኩር ላፋዬት 102 ቁጥር። በዚያ ሰዓት ሰልፍ የለም፣ ሻጮቹም ለማስረዳት ጊዜ አላቸው። 9፡45 ወጥታችሁ በጋሪባልዲ መንገድ ወደ ሰሜን ትሄዳላችሁ። ለብስክሌት የተለየ መስመር አለው፣ ሁለት ኪሎሜትር አይሞላም፣ ቴት ዶር መናፈሻ ያደርሳችኋል። በ1857 የተከፈተ፣ ከ100 ሄክታር በላይ የሆነ መናፈሻ ነው። ብስክሌቱን ያልለመዱት እዚያ ሩብ ሰዓት ይለማመዱ።

ከዚያ በሮን ግራ ዳርቻ ወደ ደቡብ ውረዱ። በ2007 ለእግረኛና ለብስክሌት የተከፈተው መንገድ ወደ 5 ኪሎሜትር ይሆናል፤ ሜዳ ነው፣ መኪና የለበትም። በመካከሉ ቁሙና ከወንዙ ማዶ ኦቴል ዲዩን እዩ። እስከ 2010 ሆስፒታል ነበር፤ ሀኪሙና ጸሐፊው ራብሌ በ1532 የሠራው እዚያ ነው። ጉልላቱን የነደፈው አርክቴክቱ ሱፍሎ ነው። ከማዶ ሆኖ ማየቱ ይሻላል፤ የፊቱ ርዝመት ከቅርብ አይታይም።

10፡45 ገደማ በሬይሞን ባር ድልድይ ተሻግራችሁ ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት ኮንፍሉዋንስ ትደርሳላችሁ። ድልድዩ ለትራም፣ ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ ነው። ከዚያ በሶን ዳር ወደ ሰሜን ተመለሱ። 11፡30 ላይ ሴንት አንቷን ገበያ መድረስ አለባችሁ፤ ከ12፡30 በኋላ ነጋዴዎቹ መሰብሰብ ይጀምራሉ። ብስክሌቱን እየገፋችሁ በፓሌ ደ ዡስቲስ የእግረኛ ድልድይ ተሻገሩ፣ ቪዩ ሊዮን፣ አሮጌው ከተማ ገባችሁ። ምሳ 12፡30።

ከምሳ በኋላ ትራቡሎቹን (በሕንፃዎች ውስጥ ከመንገድ ወደ መንገድ የሚያሳልፉ መተላለፊያዎች) በእግር፣ ከዚያ በሶን ዳር የሊዮናውያንን የግድግዳ ሥዕል አይታችሁ፣ በክሯ ሩስ ኮረብታ ሥር በሚያልፈው የብስክሌትና የእግረኛ ዋሻ ወደ ሮን ተመለሱ። ዋሻው በዲሴምበር 2013 የተከፈተ ሲሆን ወደ 1.8 ኪሎሜትር ይረዝማል። ግድግዳው ላይ የብርሃን ምስሎች ይታያሉ፤ እናታችንም ኮረብታውን ሳይወጡ ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ጠቅላላው ከ18 እስከ 20 ኪሎሜትር ነው። ኮንፍሉዋንስን ብትተዉት ወደ 11 ይወርዳል።

ሙያ በእሳት፦
መንገዱ ጥሩ ነው፤ ሌ ዛልን መጀመሪያ ላይ ማድረጉን ግን አልደግፍም። ጠዋት እዚያ የሚገባ ሰው መግዛቱ አይቀርም። ሴን ማርስለን አይብ ትገዛላችሁ፣ ኬኔል (ከዱቄትና ከእንቁላል፣ ብዙ ጊዜም ከዓሣ የሚሠራ) ትገዛላችሁ፣ ከዚያ ለስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ታዞሩታላችሁ። ሴን ማርስለን 80 ግራም ያህል የምትሆን ለስላሳ የላም ወተት አይብ ናት፤ በደንብ የበሰለችው ገና ከሱቅ ስትወጣ ውስጧ ፈሳሽ ነው። በሙቀት ከወረቀቱ አልፋ ቦርሳውን ታበላሸዋለች። ጥሬው ኬኔል ደግሞ ከፍሪጅ ወጥቶ መዋል የለበትም። ዋሻው ወደ ሮን ሲያወጣችሁ ሌ ዛል ሁለት ኪሎሜትር ያህል ነው የሚቀራችሁ። መጨረሻ ላይ ግቡና ገዝታችሁ በቀጥታ ወደ ማረፊያችሁ ሂዱ።

የሮን ዳር፦
ወንድሜ፣ ስለ አይቡ ልክ ነህ። ነገር ግን ከሰዓት በኋላ የሚደርስ ቡድን ጠግቦና ደክሞ ነው፤ ማንም አይቀምስም። ከሰዓት ብዙ ሻጮችም ለምሽት ዝግጅት ላይ ናቸው። ጠዋት ባዶ ሆድ ሆኖ ሻጩ ፊት መቆም ለጉብኝቱ መሠረት ነው፤ በምሳው ላይ የሚመጣውን ሁሉ ጥሬውን አይተው ነው የሚቀመጡት። ስለዚህ ጠዋት መቅመስ እንጂ መግዛት የለም። የሚገዛ ካለ ከፍሎ ሱቁ ውስጥ ያስቀምጥና መጨረሻ ላይ ይውሰድ። ቀድሞ ከተጠየቀ ብዙው ሻጭ እሺ ይላል። አስጎብኚያችሁ ይህን ካላመቻቸ የሥራው ግማሽ ጎድሎታል።

ሙያ በእሳት፦
ሱቁ ከያዘላቸው ተስማምቻለሁ። እንግዲህ ወደ ምግቡ።

ሊዮን ለእኛ ሰው ቀላል ከተማ አይደለችም። ማሾን የሚባለው የሐር ሸማኔዎቹ የጠዋት ማዕድ የአሳማ ቋሊማ፣ የሆድ ዕቃና ቦዦሌ ወይን ነው። ወይኑ የሚቀርበው 46 ሳንቲ ሊትር በምትይዝ፣ ታችዋ ወፍራም በሆነ ጠርሙስ ነው። እናንተ ማሾኑን ዝለሉት። ሰላድ ሊዮኔዝም የአሳማ ስብ ቁራጭ አለበት፤ ያለሱ ሥሩልን ብትሉ ይሠሩታል፣ አረንጓዴው ቅጠልና በውኃ የተቀቀለው እንቁላል ይቀራል። አንዱዬት የሆድ ዕቃ ቋሊማ ነው፤ በጥጃም ይሠራል፣ ግን ሳይጠየቅ አይታዘዝም።

ታብሊዬ ደ ሳፐር የሚባለውን እዩት። የበሬ ጨጓራ ተቀቅሎ፣ በነጭ ወይን ታሽቶ፣ እንቁላልና የዳቦ ፍርፋሪ ለብሶ የሚጠበስ ነው። ጨጓራ የሚወድ የዱለት ሰው ይወደዋል። ወይኑ ውስጡ ስለገባ ለሙስሊሞቹ አይሆንም።

ኬኔል ላይ ጥንቃቄ። ብሮሼ የሚባል የወንዝ ዓሣ ሥጋ ከዱቄት፣ ከእንቁላልና ከቅቤ ጋር ተደቁሶ የሚሠራ ነው። ዓሣው ቅርፊትና ክንፍ ያለው ስለሆነ ችግር የለውም። ችግሩ ከላዩ የሚፈሰው ናንቱዋ የሚባል ሶስ ነው፤ የሚሠራው ከኤክረቪስ፣ ሸርጣን መሰል የወንዝ ፍጥረት ነው። ሶሱ ለብቻው እንዲቀርብ፣ ወይም በቲማቲም ሶስ እንዲሠራ ከመታዘዙ በፊት ተናገሩ። በጥንቱ አሠራር ደግሞ በቅቤ ፋንታ የበሬ የኩላሊት ስብ ይገባበታል፤ ለሙስሊሞቹ ይህን መጠየቅ ግድ ነው። ዓሣ የሌለበት፣ በስንዴ ዱቄት ወይም በሲሙሊና፣ በቅቤና በእንቁላል ብቻ የሚሠራ ኬኔል አለ፣ ናቱር ይባላል። ለስምንት ሰው ጠረጴዛ አስተማማኙ እሱ ነው።

ኬኔል ምድጃ ውስጥ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ እጥፍ ያህል ይነፋል፣ ወጥቶ ከቆየ ይወርዳል። ቡድኑ ዘግይቶ ከደረሰ ወይ ሰው ይጠብቃል ወይ ኬኔሉ ይወድቃል። ስለዚህ ብስክሌቱን ስታስሩ አንድ ሰው ቀድሞ ገብቶ ትእዛዙን ያረጋግጥ።

ሰርቬል ደ ካኑ ለሁላችሁም በፍስክ ቀን ይሆናል፤ የእኛን አይብ ከሚጥሚጣ ይልቅ በቅጠላ ቅጠል አስቡት። ለስድስት ሰው 500 ግራም የተጠለለ ፍሮማዥ ብላን (እርጎ መሰል ለስላሳ አይብ)፣ አንድ ደቃቅ የተከተፈ ሻሎት፣ አንድ ጥርስ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ እፍኝ ሲቡሌት (ቀጭን የሽንኩርት ቅጠል) እና ፐርስሜሎ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ። ፍሮማዥ ብላኑ ካልተጠለለ ውኃ ያወጣል፣ ዳቦ ላይ አይቆምም። አንዳንድ ቤት ኮምጣጤውን በነጭ ወይን ይተካሉ፤ ሙስሊሞቹ ይጠይቁ።

ጣፋጩ የሮዝ ፕራሊን ታርት ነው። ፕራሊኑ በቀይ ስኳር የተለበጠ አልመንድ ነው፤ ከእኩል ክብደት ክሬም ጋር እስከ 110 ዲግሪ አካባቢ ይበስላል። ከዚያ ካለፈ ሲቀዘቅዝ ጥርስ የሚይዝ ከረሜላ ይሆናል፤ ካነሰ ደግሞ ይፈሳል። ጥሩው ታርት ስስ ነው፣ ሲቆረጥ ቅርጹን ይይዛል፣ ለመንከስ ግን አያታግልም። ብስክሌት ላይ ከተያዘ በካርቶን፣ በጠፍጣፋ ቦታ፤ ቦርሳ ውስጥ ከቆመ ወደ አንድ ጎን ይሰበሰባል። ኩሳን ደ ሊዮን የሚባለው አረንጓዴ የአልመንድ ጣፋጭ ውስጡ ያለው ቸኮሌት ኩራሳኦ የሚባል የአልኮል መጠጥ አለበት፤ ለልጁና ለሙስሊሞቹ አይግዙላቸው።

መጠን ላይ አትሳሳቱ። ጠዋት ሌ ዛል ለአንድ ሰው 30 ግራም አይብ፣ አንድ ቁራሽ ዳቦና ሁለት ፕራሊን ይበቃል። ከዚያ በላይ የበላ ሰው ኮንፍሉዋንስ ላይ ፔዳል መርገጥ ይከብደዋል፣ ምሳውንም ይተወዋል።

ወለተ ማርያም፦
ስለ ጾሙ ያልተባለ ልጨምር፤ ቀን ቀይራችሁም ቢሆን ጾም የሚይዝ አይጠፋም።

ዳቦው ይሆናል፣ ግን ትራዲሲዮን የተባለውን በስሙ ጠይቁ። በ1993 በወጣው ድንጋጌ መሠረት ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨውና እርሾ ነው፤ ጥቂት የባቄላ ወይም የብቅል ዱቄት ቢጨመርበትም ወተትና ቅቤ የለውም። ብሪዮሽ የሚባለው ለስላሳ ዳቦ ግን በቅቤና በእንቁላል የተሞላ ነው። ፕራሊኑን ለብቻው መብላት ይቻላል፤ ብቻ ማሸጊያው ላይ ኢ120 ተብሎ የተጻፈ ከሆነ ቀይ ቀለሙ ከነፍሳት የወጣ ነው። በቀይ ሥር የተቀባ የሚሸጡም አሉ። ፓት ደ ፍሩዊ የፍራፍሬ ልጥልጥ፣ ስኳርና ፔክቲን ነው፣ ለጾም ይሆናል።

ምስር ጥሩ ነው፤ አረንጓዴው የፑዊ ምስር ሳይፈርስ ይበስላል፣ ሊዮኖች በሰላጣ ያቀርቡታል። ሁለት ነገር ግን ይደበቅበታል፦ ክሬም ይገባበታል፣ ከቋሊማም ጋር ሊቀቀል ይችላል። ስለዚህ «ክሬም ይኑረው አይኑረው» ብቻ ሳይሆን «በምን ውኃ ተቀቀለ» ብላችሁ ጠይቁ። በማብሰያው ውኃ ከሆነ ያለቀ ነገር ነው፣ ማስተካከያ የለውም። ምግብ ቤት ስትይዙ ለጾመኞቹ ቀድማችሁ ብትናገሩ ለብቻ ይቀቅላሉ፤ በር ላይ ቆሞ የሚነገር ጥያቄ ግን የሚሰማው የለም።

ጎሚስታው፦
ወደ ብስክሌቱ ልመለስ፤ ምግቡ እስኪደርስ የሚያደርሳችሁ እሱ ነው።

ቬሎቭ የሚባለውን የከተማውን የጋራ ብስክሌት አትውሰዱ። ከ2005 ጀምሮ ከተማዋን የለወጠ አገልግሎት ነው፣ ለአጭር ጉዞ ተወዳዳሪ የለውም። ግን የተሠራው ከጣቢያ ጣቢያ ለመሄድ ነው፤ መጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ካለቀ ሂሳብ ይቆጥራል። እናንተ በየቦታው ትቆማላችሁ፣ በቆማችሁበት ሁሉ ስምንት ክፍት ቦታ ያለው ጣቢያ መገኘት አለበት። ከ14 ዓመት በታች ደግሞ አይፈቀድም፣ ልጁ ይቀራል።

ከኪራይ ቤት ውሰዱ። ለእናታችን ኤሌክትሪክ፣ መካከለኛው ብረት ዝቅ ያለ፣ እግር ሳያነሱ የሚገባበት። በሕግ ሞተሩ 250 ዋት ነው፣ ከ25 ኪሎሜትር በሰዓት በላይ አይረዳም። የሚረዳውን ኃይል ከዝቅተኛው ያስጀምሯቸው፤ ከፍተኛው ላይ ከቆመበት ሲነሳ ይዘላል። ኮርቻውን ለሌሎቹ ተረከዝ ፔዳሉ ታች ላይ ሆኖ እግር እስኪዘረጋ ከፍ አድርጉ። ለእሳቸው ግን ከዚያ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ዝቅ ይበል፣ ሁለቱም እግሮቻቸው መሬት እንዲነኩ። ጉልበት ትንሽ ቢበላም መተማመኛ ይሰጣል። ለልጁ 24 ኢንች።

ጎማ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቪዩ ሊዮን ሲደርስ ነው። መሬቱ የተነጠፈው አሮጌ ድንጋይ ነው፣ እንደኛ ኮብልስቶን እኩል አይደለም፣ ክፍተቱ ሰፊ ነው። ከ35 እስከ 42 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጎማ ከ3 እስከ 3.5 ባር ይነፋ። አየር ከበዛ እጅ ያደነዝዛል፣ ድንጋዩም ላይ ያንሸራትታል። ካነሰ ደግሞ ጎማው በድንጋይ ጠርዝና በቼርኪዮው መካከል ተጨቁኖ ካላማዳሪያው ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ይወጣለታል። በተለይ ኋላ ቦርሳ የተሸከመው። ሁለት ቀዳዳ ካያችሁ ሚስማር አትፈልጉ፤ የአየር ማነስ ነው።

አስጎብኚው የሚይዘው፦ በልኩ ሁለት ካላማዳሪያ፣ ለልጁ 24 ኢንች አንድ፣ ማስለቀቂያ ሁለት፣ ለሁለቱም ዓይነት ቫልቭ የሚሆን መንፊያ፣ 4፣ 5 እና 6 ሚሊሜትር አለን ቁልፍ፣ ለኋላ ጎማ 15 ቁጥር ቁልፍ፣ ማጣበቂያና ልጣፊ። ሞተሩ ኋላ ጎማ ውስጥ ያለ ኤሌክትሪክ ብስክሌት ቢቀደድ ጎማውን አትፍቱ፤ ገመዱ አለበት፣ ጊዜም ይበላል። ጎማውን በአንድ ጎን ብቻ አውጡና ካላማዳሪያውን ስባችሁ እዚያው ለጥፉት።

የትራም ሐዲድ ኮንፍሉዋንስ ላይ ያጋጥማችኋል። ቀጥ ብላችሁ፣ በተቻለ መጠን በ90 ዲግሪ ተሻገሩ። ከዝናብ በኋላ ሐዲዱ ላይ አትታጠፉ፣ ፍሬንም አትያዙ። ለእሳቸውና ለልጁ ወርዶ መግፋት ይሻላል፤ ሃያ ሰከንድ አይፈጅም።

ብሌን ዘዲሲ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀኑን ወደ ሴፕቴምበር አጋማሽ ሐሙስ ቀይረነዋል። ሁለት ነገር ልጨምር። እናታችን የጥንት ሰማዕታት ቦታ ሊዮን ውስጥ አለ ብለው ሰምተዋል፣ ያንን ሳያዩ አይመለሱም። ስለ አስጎብኚው ፈቃድና ስለ መንገድ ሕግም የሚያውቅ ቢነግረን።

አዛውንቱ ከሐረር፦
ልጄ ብሌን፣ እናትሽ የሰሙት እውነት ነው። ቦታው በክሯ ሩስ ቁልቁለት ላይ ያለው የሦስቱ ጎል አምፊቴአትር ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ177 የሊዮን ክርስቲያኖች የተሠዉት እዚያ ነው፤ ከመካከላቸው ባሪያ የነበረችው ብላንዲና አለች። ጳጳሱ ፖቲኖስ ዘጠና ዓመት ያለፉ ሽማግሌ ነበሩ፣ በእስር ቤት ዐረፉ። ከእሳቸው በኋላ የተሾመው ቅዱስ ኢሬኔዎስ ነው። የሰማዕታቱን ዜና የያዘው ደብዳቤ በአውሳብዮስ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ተጠብቆ ደርሶናል። ይህ ሁሉ ከኬልቄዶን መለያየት በፊት ስለሆነ ሰማዕታቱ የሁላችንም ናቸው። በሜዳው ላይ መታሰቢያ ምሰሶ ቆሟል። የሚታየው ከአጥሩ ውጭ ስለሆነ ሩብ ሰዓት ይበቃል።

በብስክሌት አትውጡ፤ ቁልቁለቱ ከባድ ነው፣ ደረጃም አለው። ብስክሌቱን ፕላስ ደ ቴሮ አደባባይ አካባቢ አስራችሁ በእግር አሥር ደቂቃ ውጡ። ለእናትሽ ቀስ እያሉ ሃያ።

ከኛ አገር የሚያገናኝ ሌላም ነገር አለ፣ አስጎብኚዎች አይጠቅሱትም። ፈረንሳዊውን ባለቅኔ አርተር ራምቦን በ1880 ኤደን ላይ ቀጥሮ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ሐረር የላከው የባርዴ ኩባንያ የሊዮን ነጋዴዎች ኩባንያ ነበር። ንግዱ ቡናና ቆዳ ነበር። ሊዮን ራሷ ግን የታወቀችው በሐር ሽመና ነው። ሸማኔዎቹን ለማየት ክሯ ሩስ ላይ ያሉትን ቤቶች ተመልከቱ፤ የዣካርድን የሽመና መሣሪያ ለማቆም ሲባል ጣሪያቸው ወደ አራት ሜትር ከፍ ይላል። ምግቡንም በዚያ ዓይን እዩት። ሰርቬል ደ ካኑ ሥጋ መግዛት የማይችል ሸማኔ ምግብ ነው። በ1831 እና በ1834 ለክፍያቸው የተነሡት እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

የሮን ዳር፦
አባታችን፣ ዕድሜ ይስጥልን፤ የባርዴን ነገር ማንሳትዎ ትልቅ ነገር ነው። አምፊቴአትሩን ለመጨመር ኮንፍሉዋንስን እንቀንሰው። ያኔ ከሮን ዳር በጊዮቲየር ድልድይ ተሻግራችሁ በቀጥታ ወደ ሴንት አንቷን ትገባላችሁ፤ የተረፈው ሰዓት ለሰማዕታቱ ይሆናል። ጎሚስታው የፈራው ሐዲድም በአብዛኛው ይቀራል።

ትራቡል ላይ አንድ ማሳሰቢያ። ከሴን ዣን መንገድ 54 ቁጥር ገብቶ በቦፍ መንገድ 27 ቁጥር የሚያወጣው በአሮጌው ከተማ ረጅሙ ነው። ሰው የሚኖርበት ግቢ ስለሆነ የሚከፈተው ከከተማው ጋር በተደረገ ስምምነት ነው። ብስክሌት አይገባም፣ በዝግታ ይወራል፣ አራት አራት ሆኖ ይገባል። አንድ ሰው ከብስክሌቶቹ ጋር ይቅር። ከአሮጌው ከተማ በላይ ያለውን የፉርቪየር ኮረብታ የሚፈልግ ደግሞ ከቪዩ ሊዮን በገመድ ባቡር ወጥቶ የሮማውያኑን ቲያትር ይይ፤ መግቢያው ነፃ ነው። ከተማዋ በ43 ከክርስቶስ ልደት በፊት የተቆረቆረችው እዚያ ላይ ነው።

ሕግ አዋቂ፦
እህት ብሌን፣ አስጎብኚውን የምትጠይቁት አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ በሙዚየሞችና በታሪካዊ ሐውልቶች ውስጥ ለክፍያ የሚያስረዳ ከሆነ የጊድ ኮንፌራንሲዬ (የተመሰከረለት አስጎብኚ) የሙያ ካርድ። ሁለተኛ፣ ብስክሌት ለክፍያ የሚያስተምር ወይም የሚያሠለጥን ሰው በስፖርት ሕጉ ዲፕሎማ ይጠየቃል፤ ስለዚህ የሱ ሥራ በየትኛው ሥር እንደሆነ ይንገራችሁ። ሦስተኛ፣ የሙያ ኃላፊነት መድን፣ ብስክሌት የሚል ቃል በውሉ ላይ የተጻፈበት። አራተኛ፣ የምግብ ቅምሻው ዋጋው ውስጥ አለ ወይስ ለብቻ ነው። ስምንት ሰው ለአንድ መሪ ልኩ ነው፣ ግን ከኋላ የሚዘጋ ሁለተኛ ሰው ከእናንተ መካከል ይመደብ። መሪው መብራት ሲያልፍ ግማሹ ይቆማል፤ ኋለኛው ሰው ስልክ ከሌለው ቡድኑ ይበተናል።

ሕጉ ደግሞ ግልጽ ነው። ከ12 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ራስ ቁር ግዴታ ነው፣ ከ2017 ጀምሮ። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳትም ሆነ ጆሮ ላይ ማዳመጫ ሰክቶ መንዳት 135 ዩሮ ያስቀጣል። የአልኮል ገደቡ ለመኪና ነጂ የተቀመጠው፣ በሊትር ደም 0.5 ግራም፣ ለብስክሌተኛም ነው። ከሁለት በላይ ጎን ለጎን መሄድ አይፈቀድም፤ መኪና ሊያልፍ ሲል ወደ አንድ ሰልፍ። የእግረኛ ቀጠና ውስጥ በእግር ፍጥነት፣ ለእግረኛ ቅድሚያ። መብራቱ ሥር ቢጫ የብስክሌት ምልክትና ቀስት ያለበት ትንሽ ሦስት ማዕዘን ካያችሁ ቀስቱ ወዳሳየው አቅጣጫ በቀይ ማለፍ ይቻላል፣ ግን እግረኛውንና የሚመጣውን መኪና አሳልፋችሁ ነው። ያ ምልክት ከሌለ ቀይ ቀይ ነው።

ሙያ በእሳት፦
አንድ የቀረ፤ ምሳ ስትይዙ 12፡00 ወይም 12፡30 ብላችሁ፣ ስምንት ሰው፣ አንድ ልጅ፣ ያለ አሳማ፣ ሁለት ያለ አልኮል ሶስ ብላችሁ አስመዝግቡ። ብዙ ቡሾን ወጥ ቤቱን 13፡30 ወይም 14፡00 ላይ ይዘጋል፤ በ14፡15 የሚደርስ ቡድን ቡና ብቻ ያገኛል። በሩ ላይ ኛፍሮን የተባለው አሻንጉሊት ምስል ያለበት «ሌ ቡሾን ሊዮኔ» የሚል ምልክት ፈልጉ፤ ከ2012 ጀምሮ የሚሰጥ መለያ ነው። ቪዩ ሊዮን ውስጥ ቡሾን ብሎ የጻፈ ሁሉ ቡሾን አይደለም።

ብሌን ዘዲሲ፦
ዝናብ ቢዘንብስ?

ጎሚስታው፦
ሐሙስ ጠዋት እየዘነበ ከሆነ ከሌ ዛል ተነስታችሁ በቀጥታ በዋሻው ወደ ሶን ተሻገሩና ጉብኝቱን ከዚያኛው ጫፍ ጀምሩት፤ ገበያው እስከ ቀትር ስላለ ትደርሱበታላችሁ። አሮጌው ከተማ ውስጥ ግን ብስክሌቱን ሙሉ በሙሉ ግፉት፤ እርጥብ ድንጋይ ላይ ፊት ፍሬን የያዘ ሰው ይወድቃል። ቁልፉ ወፍራም የብረት ቅስት ይሁን፣ በገመድ ቁልፍ አትመኑ። ሁለት ሁለቱን ብስክሌት ፊትና ኋላ አዙራችሁ በአንድ የብረት ማሰሪያ ላይ እሰሩ፤ ለስምንቱ አራት ማሰሪያ ይበቃል። የኤሌክትሪኩን ባትሪ ወደ ምሳ ይዛችሁ ግቡ።